«ውጭ መሄዱ ራሱ ሽልማት አይደል እንዴ?»

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ፣ ጎንደር ነው የምኖረው፣ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የሚሰሩ መምህራንና ተማሪዎችን እንዴት እናበረታታ ተብሎ ኮሚቴ ተቋቁሞ እኔንም አስገቡኝ (እምቢ አይባል መቼም)። ግማሾቹ ሰርተፍኬትና ዋንጫ ይሰጥ አሉ፣ አንድ አንጋፋ መምህር ደግሞ «ውጭ መሄዱ ራሱ ሽልማት አይደል እንዴ?» ሲሉ ስብሰባው በሳቅ ተበተነ። ረቂቁን ግን አርብ ማቅረብ አለብኝ፣ ምን ልጻፍ?
ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ፣ አንጋፋው መምህር ግማሽ እውነት ይዘዋል። ቲኬት ተቆርጦለት አበል ተከፍሎት ሁለት ሳምንት ጀርመን ከርሞ ለመጣ ሰው ዋንጫ መጨመር እኔም አይዋጥልኝም። ግን የሄደውን ብቻ ነው እኮ የምታዩት፣ እዚሁ የቀረውስ? እንግዳው ሲመጣ አፄ ቴዎድሮስ ኤርፖርት ሄዶ የሚቀበለው፣ ለቪዛ ደብዳቤ ማህተም ፍለጋ ሶስት ቢሮ የሚዞረው፣ ቅዳሜውን ሰውቶ ፋሲል ግንብ የሚያስጎበኘው፣ ማታ ደግሞ ቁጭ ብሎ ሪፖርት የሚሞላው? ብዙ ጊዜ የዲፓርትመንቱ ጀማሪ ሌክቸረር ነው፣ ምናልባት አንቺው ራስሽ።

ጎንደር ላይ ደግሞ ነገሩ አዲስ አይደለም፣ የጤና ኮሌጁ በፈረንጆቹ 1954 ሲከፈት የዓለም ጤና ድርጅትና የዩኒሴፍ እጅ ነበረበት፣ ከእንግሊዟ ሌስተር ጋር ያለው ግንኙነትም ከ1996 ጀምሮ የመጣ ነው፣ ሐኪሙም ነርሱም ወዲህ ወዲያ እየተመላለሰ። ይህን ያህል ዓመት የሚያቆየው ፊርማ እንዳይመስልሽ፣ ኢሜይል በሰዓቱ የሚመልስ ሰው ነው። የመግባቢያ ሰነድማ በየመሳቢያው ሞልቷል።

ስለዚህ ለዚህ እዚሁ ቀርቶ ለሚለፋው ሰው መጀመሪያ ጊዜ ስጡት። ከሚያስተምረው አንድ ኮርስ ይነሳለት፣ በቃ። ቀጥሎ ፕሮሞሽን ነው፣ ከሌክቸረር ወደ አሲስታንት ፕሮፌሰር ሲታይ የሚመዘነው ማስተማር፣ ምርምርና የማህበረሰብ አገልግሎት አይደል? ይሄ የማስተባበር ስራ ከነዚህ በአንዱ ስር ነጥብ ካልተቆረጠለት ሰርተፍኬቱ ፋይል ውስጥ ገብቶ አቧራ ነው የሚጠጣው። ነጥቡ ደግሞ ለጉዞው ሳይሆን እዚህ ለቀረው ነገር ይሁን፣ አብሮ የተጻፈ ጽሁፍ፣ የተሻሻለ ኮርስ፣ ላብ ውስጥ የተተከለ ማሽን ከነሚያሰራው ሰው (አደራ፣ ማሽኑ ብቻውን እንዳይቆጠር!)።

የተማሪው ነገር ይለያል። ለሱ ትልቁ ሽልማት ሄዶ በመምጣቱ አለመቀጣቱ ነው። በኢራስመስ (የአውሮፓ ህብረት የትምህርት ልውውጥ ፕሮግራም ነው) አንድ ሴሚስተር የሚሄድ ልጅ ከመነሳቱ በፊት እሱ፣ ላኪውና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ሶስቱም የሚፈርሙበት የትምህርት ስምምነት አለ፣ እዚያ የሚወስደው ኮርስ እዚህ በየትኛው እንደሚያዝለት ስምምነቱ ላይ ነው የሚጻፈው፣ አውሮፓ ደግሞ ሙሉ ዓመቱን 60 ክሬዲት ብለው ነው የሚቆጥሩት፣ ከኛ ጋር ዝም ብሎ አይገጥምምና ስሌቱም አብሮ ይሰራ። ይሄ ሳይሰራ ከሄደ ልጁ ተመልሶ ግሬዱን ይዞ ሬጅስትራር በር ላይ ይቆማል፣ ጓደኞቹ ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ እሱ ኮርስ ይደግማል። ከዚያ በኋላ የትኛው ተማሪ ነው የሚያመለክተው?

ዋንጫውንም ከፈለጉ ይስጡ፣ ብቻ መድረክ ላይ ያን ማህተም ፍለጋ የዞረውንም ስም ይጥሩ። ከአርብ በፊት ደግሞ አንጋፋውን መምህር ቡና ጋብዘሽ ረቂቁን አሳዪያቸው፣ እሳቸው ከያዙልሽ ሌላው ብዙም አይከራከርም።