ለአለቃዬ ነገርኩ፤ ከዚያስ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ትሠሪያለሽ። አንድ የሥራ ባልደረባሽ ከአንድ ተማሪ ጋር ያለው ቅርበት አላማረሽም። በር ዘግቶ ለብቻው ያስጠናዋል። ስልክ ገዝቶ ሰጥቶታል። ልጁ ስለ ሰውየው ሲጠየቅ ይደነግጣል። በዓይንሽ ያየሽው ወንጀል ግን የለም። ለአለቃሽ ስትነግሪያት "እኔ እከታተለዋለሁ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ" አለችሽ። ይህ ከሆነ ሁለት ሳምንት አለፈ። መመሪያችሁ ለቅርብ ኃላፊ አሳውቁ ነው የሚለው። አንቺም "የታዘዝኩትን አድርጌያለሁ፣ ታዲያ ለምን እንቅልፍ አጣሁ?" ብለሽ ጠየቅሽ።

እንቅልፍ ያጣሽው ነገሩ ስላላለቀ ነው። እኔም አንድ ጊዜ እንዳንቺ ለአለቃዬ ነግሬ ነበር። ከነገርኩ በኋላ ግን እንቅልፌን ለጥጬ ተኛሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ወላጅ የሌላቸው ልጆች በሚያድጉበት ተቋም ውስጥ የማታ ተረኛ ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ተጫዋች፣ ወሬ የማይጠግብ። በሆነ ወቅት ላይ ከነልብሱ መተኛት ጀመረ። ጫማውን እንኳ አያወልቅም። ገላህን ታጠብ ሲባል ይደበቃል። አንድ ማታ ብርድ ልብሱን ሳለብሰው "ዛሬ የምታድረው አንተ ነህ?" አለኝ። አዎ አልኩት። "ነገስ?" አለ። የሌላውን ተረኛ ስም ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሌላ ምንም አልተናገረም።

ያ ሌላው ተረኛ ሁላችንም የምንወደው ሰው ነበር። ከኪሱ አውጥቶ ለልጆቹ ነገር ይገዛል። ተራው ባልሆነ ቀን ሳይቀር ይመጣል። እንደ እሱ ልጅ የሚወድ የለም እንባባል ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። እንዲህ ያለ ሰው ቀድሞ የሚያለማምደው ልጁን ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ያሉትን አዋቂዎችም ነው። ልጁ አንድ ቀን ቢናገር እንዳይታመን መሬቱን አስቀድሞ ያዘጋጃል።

ሦስት ሳምንት ሙሉ በሆዴ ያዝኩት። "ሆድ ይፍጀው" የምንለው ነገር ለስንቱ እንደሚሆን አላውቅም፣ ለዚህ ግን አይሆንም። በመጨረሻ ለዳይሬክተሩ ነገርኩት። በጥሞና አዳመጠኝ። አመሰገነኝ። "ነገሩ እዚሁ ይቅር፣ የልጁም ስም እንዳይነሳ" አለኝ። ከቢሮው ስወጣ ትከሻዬ ቀለለኝ። ከወር በኋላ ሰውየው ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረ። እርምጃ ተወሰደ ብዬ ደስ አለኝ። እዚያም ልጆች እንዳሉ እያወቅኩ ደስ አለኝ።

ከስምንት ወር በኋላ በአዲሱ ቦታ አንድ ልጅ ተናገረ። ፖሊስ ገባ። ይህን ጊዜ ነው የኛው ልጅም አፉን የከፈተው። መርማሪዋ እኔንም ጠራችኝ። መቼ እንደጠረጠርኩ ጠየቀችኝ፣ ቀኑን ነገርኳት። "ለእኛ የደወልከውስ መቼ ነው?" አለችኝ። ዝም አልኩ። ዳይሬክተሩ ጋር ስለ እኔ ጥቆማ የተጻፈ አንድ መስመር አልተገኘም። የነገርኩት ነገር አየር ላይ ቀርቷል።

ማንም አልከሰሰኝም። ግዴታዬ ለኃላፊ መንገር ነበር፣ ነግሬያለሁ። በሕግ ፊት ንጹህ ነኝ። ያ ሁለተኛው ልጅ ግን ስምንቱን ወር የኖረው እኔ እጄን ታጥቤ በተቀመጥኩበት ጊዜ ነው።

የሕግና የህሊና ግዴታ የሚለያዩበትን ቦታ ለማየት የአሜሪካው የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ በደንብ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 ማይክ ማክዌሪ የተባለ የአሜሪካ እግር ኳስ (ፉትቦል) ቡድኑ ወጣት ረዳት፣ ጄሪ ሳንደስኪ የተባለውን የቀድሞ ረዳት አሠልጣኝ ከአንድ ልጅ ጋር ሻወር ቤት ውስጥ አየው። በማግስቱ ለዋናው አሠልጣኝ ለጆ ፓተርኖ ነገረ። ፓተርኖ ለስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ነገረ። ኃላፊውና አንድ ምክትል ፕሬዚዳንት ከፕሬዚዳንቱ ጋር ተነጋገሩ። ከዚያ ወዲያ ወደ ፖሊስም ወደ ሕፃናት ጥበቃም የሄደ የለም። ሳንደስኪ ልጆች ይዞ ወደ ግቢው እንዳይመጣ ተነገረው፣ በቃ። የታሰረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አሥር ዓመት አለፈ ማለት ነው። በ2012 በ45 ክሶች ጥፋተኛ ተባለና ከ30 እስከ 60 ዓመት ተፈረደበት።

እኔን ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስደነግጠኝ ቃሉ በየደረጃው እንዴት እየለሰለሰ እንደሄደ ነው። ማክዌሪ ያየው ነገር ወሲባዊ እንደነበር ነው የመሰከረው። የበላይ ኃላፊዎቹ ግን የሰማነው እንደ ልፊያ ያለ ነገር ነው አሉ። ልፊያ! አንድ ሰው ያየው ነገር በሁለትና በሦስት አፍ ሲያልፍ ቀለሙ ይጠፋል። የሚናገረው ሰው ያፍራል፣ የሚሰማው ሰው ቀለል ያለውን ትርጉም ይመርጣል። ለአለቃሽ የነገርሽው ነገር ዛሬ ከእሷ በላይ ያለው ሰው ጋር በምን ቃል እንደደረሰ፣ መድረሱንም ጭምር፣ አንቺ አታውቂም።

ፓተርኖ አልተከሰሰም። ያኔ ዩኒቨርሲቲው ያለበት የፔንሲልቬንያ ግዛት ሕግ ተቋም ውስጥ የሚሠራ ሰው ለተቋሙ ኃላፊ እንዲያሳውቅ፣ ወደ ውጭ የሚያሳውቀው ደግሞ ኃላፊው እንዲሆን ነበር የሚያዘው። ሕዝቡ ግን ያ በቂ ነው አላለም፤ ዩኒቨርሲቲውም ከሥራ አሰናበተው። ከላይ ያሉት ሦስቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ልጆችን ለአደጋ በማጋለጥ ጥፋተኛ ሆኑ፤ ሁለቱ ራሳቸው አምነው፣ ፕሬዚዳንቱ ደግሞ በፍርድ። ግዛቱም ሕጉን ቀየረ። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ የጠረጠረው ሠራተኛ ራሱ በቀጥታ ነው የሚያሳውቀው፣ ከዚያ በኋላ ነው ለአለቃው የሚነግረው። አየርላንድም በዚሁ መንገድ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2017 ወዲህ እንደ መምህርና ሐኪም ያሉ ሰዎች ግዴታው በየግላቸው አለባቸው፤ የተቋሙ ተወካይ በእነሱ ፈንታ ሊወጣላቸው አይችልም።

ሕግ በዚህ ጉዳይ ላይ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሄንሪ ኬምፕ የተባለ የሕፃናት ሐኪምና ባልደረቦቹ ሆን ተብሎ ስለተደበደቡ ሕፃናት አንድ ጽሑፍ አወጡ። ከዚያ በፊት ሐኪሞች የተሰበረ አጥንት በራጅ እያዩ "ወደቀ" የሚለውን ተቀብለው ይሸኙ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ ሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች የማሳወቅ ግዴታን ደነገጉ። መጀመሪያ ሐኪሞች ላይ ያተኮረ ነበር፣ ቀስ በቀስ መምህራንና ሌሎችም ተጨመሩ። እያንዳንዱ ለውጥ የመጣው ልጆች ከተጎዱ በኋላ ነው። ዛሬ አንቺ ያለሽበት መመሪያም ነገ ይቀየር ይሆናል። አሁን ያለው ልጅ ግን እስኪቀየር አይጠብቅም።

ፍርድ ቤት ነጻ ያለው ሰው ሁሉ ነገሩ ያበቃለታል ማለትም አይደለም። የፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ የካቶሊክ ካርዲናል ፊሊፕ ባርባራን በአንድ ቄስ ላይ የቀረበን ጥቆማ አላሳወቁም ተብለው እ.ኤ.አ. በ2019 ተፈረደባቸው። በ2020 ይግባኝ ሰሚው ነጻ አላቸው። ነጻ ከተባሉ በኋላ ነው ሥልጣናቸውን የለቀቁት።

አለቃሽ መጥፎ ሰው ናት እያልኩ አይደለም። የኔም ዳይሬክተር ክፉ አልነበረም። ግን ያቺ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያጣው ብዙ ነው። የተቋሙ ስም አለ፣ ገንዘብ ሰጪ አለ፣ የወላጆች ቁጣ አለ፣ የራሱ እንጀራ አለ። ገመና መሸፈን ለልጁም ጭምር የሚጠቅም ይመስለዋል። ስለዚህ ያዳፍነዋል። ያዳፈነው ግን እሳት ነው። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ማጣራት የሚገባው ከውጤቱ ምንም የማያተርፍና ምንም የማያጣ አካል ነው። ተቋሙ ራሱን ይመርምር ማለት ተከሳሹን ዳኛ ማድረግ ነው።

ሌላው ያነሳሽው ጭንቀት "የንጹህ ሰው ስም ባጠፋስ?" የሚለው ነው። ይህ ጭንቀት ያንቺን ጥሩ ልብ ያሳያል፣ ላቃልለውም አልፈልግም። በሐሰት የተጠረጠረ ሰው ሕይወቱ ይናጋል። ግን ስም የሚጠፋው በኮሪደር ወሬ ነው። በሚስጥር ለሚመለከተው አካል የተነገረ ጥርጣሬ ይመረመራል፤ ንጹህ ከሆነም ንጹህ መሆኑ ይታወቃል። በአለቃሽ መሳቢያ ውስጥ የቀረ ጥርጣሬ ግን ሰውየውን ከጥርጣሬ አያወጣውም፣ ልጁንም አያድነውም። ደግሞም ማስረጃ አምጪ ያለሽ የለም። የማሳወቅ ሕግ ባለባቸው ብዙ አገሮች የሚጠየቀው ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ብቻ ነው። በቅን ልቦና የጠቆመን ሰው ሕጉ ይከላከልለታል፤ ቅጣቱ እያወቀ ለዋሸ ነው።

ሁሉም ሰው ሁሉን ነገር ካሳወቀ መርማሪዎቹ በጥቆማ ብዛት ይጨናነቃሉ የሚሉ አሉ። ልጆችም አዋቂው ለሌላ እንደሚናገር ካወቁ ምስጢራቸውን አያካፍሉም ይላሉ። ይህ መሠረት ያለው ስጋት ነው። ትንሽ ነገር ሁሉ ጥቆማ አይሆንም። አንቺ ያየሽው ግን የተዘጋ በር፣ የተሰጠ ስልክና የደነገጠ ልጅ ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ትንሽ አይደሉም።

ልጁ ራሱ እስኪናገር ልጠብቅ የሚለውን ሐሳብ ደግሞ ጨርሶ ተዪው። አውስትራሊያ በተቋማት ውስጥ በልጆች ላይ የደረሰውን የፆታ ጥቃት እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2017 የመረመረ ኮሚሽን ነበራት። ከ8,000 በላይ ሰዎች ለየብቻ ቀርበው የደረሰባቸውን ተናገሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ለመንገር በአማካይ 24 ዓመት ገደማ ነው የፈጀባቸው። ልጅ ሆነው የተጎዱት አዋቂ ሆነው ነው የተናገሩት። ያ የኔ ልጅ ግን በራሱ መንገድ ተናግሮ ነበር፤ "ነገስ?" ሲለኝ።

አሁን ምን ታድርጊ ላልሽው፣ እኔ አንቺን ብሆን ዛሬውኑ ወረቀት አወጣለሁ። ያየሽውን በቀኑ፣ በሰዓቱና በቦታው ጻፊ። የሰማሽውን ልጁ በተናገረበት ቃል አስቀምጪ፣ አታሳምሪው፣ አትተርጉሚው። ያየሽውንና የገመትሽውን ለዪ። ለአለቃሽ የነገርሽበትን ቀንና የመለሰችልሽንም ጻፊ። ወረቀቱ ቢሮ ውስጥ አይቅር።

ልጁን ግን አትመርምሪው። ይህን አደራ እልሻለሁ። "እንዲህ አድርጎሃል?" ብለሽ ከጠየቅሽው ቃሉን አንቺ አፉ ውስጥ እንደከተትሽው ተቆጥሮ በኋላ ምርመራው ይበላሻል። ራሱ መጥቶ ካወራሽ አዳምጪው። አምኜሃለሁ በይው። ያንተ ጥፋት አይደለም በይው። ለማንም አልናገርም ብለሽ ቃል አትግቢለት፤ ሊረዱህ ለሚችሉ ሰዎች መንገር አለብኝ ብለሽ እውነቱን ንገሪው። ሰውየውንም አትጋፈጪው። ቢነቃ ስልኩን ያጸዳል፣ ልጁንም ያስፈራራል።

ከዚያ ለሕፃናት ጥበቃ ክፍል ወይም ለፖሊስ ራስሽ ደውዪ። የተቀበለሽን ሰው ስምና የጥቆማውን ቁጥር ያዢ። ስሜ ይታወቃል ወይ ብለሽ ጠይቂ፤ ብዙ ቦታ የጠቋሚ ስም በሚስጥር ይያዛል፣ ግን ቀድመሽ ማወቁ ይሻልሻል። አለቃሽን ፈቃድ አትጠይቂ። ከደወልሽ በኋላ ግን መደወልሽን ንገሪያት፤ መርማሪዎቹ ዝም በይ ካላሉሽ በቀር። ምናልባት ትቆጣለች። ሥራ ቦታው ይቀዘቅዝብሽ ይሆናል። አይከብድም ብዬ አልዋሽሽም። እኔ ዘግይቼ ስመሰክር እንኳ ሰላምታ የነፈጉኝ ነበሩ።

ጥቆማሽን ስትጽፊ ሌላ ዓይን ቢያየው ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። የልጁንና የሰውየውን ስም፣ የትምህርት ቤቱንም፣ ከጽሑፉ ላይ አጥፍተሽ ላኪው። ማታ ማታ እቤት ነኝ፣ ወዲያው አይልሻለሁ።