በሐረር ለሚሠሩ ወጣት ሐኪሞች

ውድ ልጆቼ፣

ለመመረቂያ ጥናታችሁ ርዕስ ስትፈልጉ ብዙዎቻችሁ የአንጀት ካንሰርን አንሥታችሁ ትመጡልኛላችሁ። ዕድሜዬን የአንጀት ሕመም ሳክምና ሳጠና ለኖርሁት ለእኔ ይህ ትልቅ ደስታ ነው። ሆኖም ስለ መመርመሪያው ዓይነት ትጠይቁኛላችሁ እንጂ ተመርማሪው ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው።

አብዛኛው የትልቁ አንጀት ካንሰር ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እባጭ ይነሣል። እባጩ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ ብዙ ጊዜ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ በዚህ መሐል በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ታይቶ ከተቆረጠ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ይህን ያህል ፋታ የሚሰጥ ካንሰር ብዙ የለም። ፋታውን የምናባክነው እኛው ነን። ሰገራው ደም የቀላቀለ ሰው ሲመጣ ሳይመረመር «ኪንታሮት ነው» ተብሎ ቅባት ይሰጠዋል፤ ከወራት በኋላ ሲመለስ ቅባቱ ይለወጥለታል። ከገጠር የመጡ አንድ አባት እኛ ዘንድ ሲደርሱ ከመክሳታቸው የተነሣ ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ ተበስቶ ነበር። ጓንት አጥልቄ ፊንጢጣቸውን በጣቴ ስመረምር ዕጢው ከጣቴ ጫፍ ላይ ተገኘ። ከእኔ በፊት ያዩዋቸው ሁሉ ጣት ነበራቸው! ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ ሳለች ስለ ሰገራቸው ብጠይቃቸው ዝም አሉኝ፤ እርሷ ስትወጣ ግን ሁሉንም ዘርዝረው ነገሩኝ። አስተርጓሚ ስትመርጡ ይህን አስቡ። ስለ ዓይነ ምድር በኦሮምኛ፣ በሐረሪና በሶማልኛ በጨዋ አነጋገር መጠየቅን ከመሣሪያው በፊት ተማሩ።

ምንም የማያመውን ሰው ጠርቶ መመርመር ደግሞ ሌላ ኃላፊነት ነው። ሰገራ ውስጥ በዓይን የማይታይ ደምን መፈለግ የአንጀት ካንሰር ሞትን እንደሚቀንስ ካሳዩት ጥናቶች ቀዳሚው በአሜሪካ ሚኒሶታ ከ46 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ነው። ምዝገባው እ.ኤ.አ. በ1975 ተጀምሮ ውጤቱ የታተመው በ1993 ነው፤ በየዓመቱ እንዲመረመሩ በተመደቡት ላይ ሞቱ በ33 በመቶ ቀንሷል። ቁጥሩን ሁላችሁም ትጠቅሱታላችሁ። ሞቱ የቀነሰው ግን ደም የተገኘባቸው ሰዎች ተጠርተው፣ አንጀታቸው ታይቶ፣ ለዓመታት ሳይጠፉ ስለተያዙ ነው። በእኛ አካባቢ ደግሞ ቢልሃርዚያም አንጀትን ያደማልና ደም የተገኘበት ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም። ኮሎኖስኮፒውን ሳያዘጋጅ መመርመሪያውን የሚያድል ተመራማሪ በጤነኛ ሰው ላይ ስጋት ጭኖ ይሄዳል። ይህን እንደ ግፍ እቆጥረዋለሁ።

ስለ ውሃ ልንገራችሁ። ለኮሎኖስኮፒ የሚዘጋጅ ሰው ከዋዜማው ጀምሮ ሊትሮች ፈሳሽ ይጠጣል፤ ሌሊቱንም ሽንት ቤት ሲመላለስ ያድራል። በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ በጁገል ውስጥ ሽንት ቤቱን ከጎረቤት ጋር የሚጋራ፣ ቧንቧውም በፈረቃ የሚመጣለት ሰው ይህን እንዴት ይወጣዋል? አንጀቱ በደንብ ካልጸዳ ትንሹ ፖሊፕ አይታይም፤ ሰውየውም በከንቱ ደክሞ፣ በከንቱ ተርቦ ይመለሳል። የማደንቃት አንዲት ነርስ ቀጠሮ ከመስጠቷ በፊት «ቤትዎ ውሃ የሚመጣው መቼ ነው?» ብላ ትጠይቅ ነበር። ረመዳን ከሆነና ጉዳዩ የማያስቸኩል ከሆነም ከዒድ በኋላ ትቀጥራለች። ከእናንተ አንዱ ይህን ጉዳይ በወጉ ቢያጠናው ለዚህ ከተማ ከውጭ ከሚመጣ አዲስ መሣሪያ ይልቅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ከዚያም የባዮፕሲው፣ ማለትም ለምርመራ ከአንጀት ተቆርጦ የሚወሰደው ናሙና፣ ነገር አለ። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ ወደ ፓቶሎጂ ቤተ ሙከራ ይላካል፤ ውጤቱ እስኪመጣ በሽተኛው ባቢሌ ወይም ጉርሱም ገብቷል። ካርዱ ላይ የራሱን ስልክ ብቻ አትጻፉ፤ የልጁን፣ የጎረቤቱን፣ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክም መዝግቡ። ውጤት ሲደርስ የሚደውለው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ በስም ይታወቅ። ጥናታችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ከሁሉ በፊት የማየው ይህን መዝገብ ነው፤ ለማን ተደወለ፣ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ የቀረውስ ስለ ምን ቀረ።