መልስ፦ «ቬነስ ከጁፒተር ተተፍታ ወጣች» ለሚልህ ጓደኛህ

ፍጥነቱን ጠይቀው። ከጁፒተር ስበት ለማምለጥ በሰከንድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስፈልጋል፤ በዚህ ፍጥነት ከደሴ ኮምቦልቻ ግማሽ ሰከንድ አይፈጅም።

ከዛ በእንቅስቃሴ ውስጥ ያለውን ጉልበት ለማግኘት የፍጥነቱን ካሬ ለሁለት አካፍል። ለእያንዳንዱ ኪሎ 1.8 ቢሊዮን ጁል (የጉልበት መለኪያ ነው) ይመጣል፣ ድንጋይ አቅልጦ ለማትነን ከሚበቃው በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሚኒባስ ፍሬኑ እንዴት እንደሚሸት ታውቀው የለ? ጉልበት ሙቀት ሲሆን ያ ነው። ከዚህ ሁሉ ትንሹ እንኳ ወደ ሙቀት ቢቀየር ቬነስ እንፋሎት እንጂ ፕላኔት ሆና አትወጣም።

ብቻ ኪሎ ሜትሩን መጀመሪያ ወደ ሜትር ቀይር። እኔ ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ የሲጋራ ፓኮ ላይ ሳሰላ ረስቼው 1,800 ጁል ብዬ ተከራከርኩ፤ የምከራከረው ልጅ «ይሄማ ሻይም አያፈላ» ብሎ አሳቀብኝ።