ቶሎ ፔፐር የሚወጣበት ርዕስ ለጠየቀችኝ ልጅ

ልጆቼ፣

በቅርቡ አንዲት የሕክምና ተማሪ ቢሮዬ መጥታ "ዶክተር፣ ምርምር መሥራት እፈልጋለሁ። ቶሎ ፔፐር የሚወጣበት ርዕስ ይምረጡልኝ" አለችኝ። ፔፐር ስትል በሳይንስ መጽሔት የሚታተም የጥናት ጽሑፍ ማለቷ ነው። ጥያቄዋ አላስከፋኝም። በእሷ ዕድሜ እኔም የማስበው ይህንኑ ነበር። ግን ያን ቀን መልስ አልሰጠኋትም፤ ቤቴ ገብቼ ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ይህን የምጽፈው ለእሷም፣ እሷን ለመሰላችሁም ነው።

ስለ አንድ ሩቅ አገር ልንገራችሁ። ኢሳን ይባላል፤ የታይላንድ ሰሜን ምሥራቅ ክፍል ነው። ከአገሩ ሕዝብ ሲሶ ያህሉ እዚያ ይኖራል። አብዛኛው ሩዝ አምራች ገበሬ ነው፤ ከሌላው የታይላንድ ክፍል ጋር ሲነጻጸርም ድሃ ነው። እዚያ ውስጥ ኮን ኬን የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። በዓለም ላይ ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው የሐሞት ቱቦ ካንሰር መጠን የተገኘው እዚያ ነው። ይህ ካንሰር በሌላው ዓለም ብርቅ ነው። በኢሳን ግን የገጠሩ ሰው በደንብ ያውቀዋል። ጎረቤቱን ወይም ዘመዱን ቀብሮበታል። የሚታየውም በአብዛኛው 40 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፤ ሰው ልጆቹን አስተምሮ ባልጨረሰበት፣ ብድሩን ከፍሎ ባልጨረሰበት ዕድሜ።

መነሻው ምግብ ነው። ኮይ ፕላ ይሉታል። ከኩሬ ወይም ከሩዝ ማሳ የተያዘ ትንሽ ዓሣ በቢላ ይከተከታል። ሎሚ ይጨመቅበታል። በርበሬ፣ ተቆልቶ የተፈጨ ሩዝና ቅጠላ ቅጠል ይገባበታል። እሳት አይነካውም። ከዚያ ተከብቦ ይበላል። ክትፎና ቁርጥ ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም።

በዓሣው ሥጋ ውስጥ በዐይን የማይታይ እጭ፣ ማለት ገና ያላደገ ትል፣ አለ። ትሉ ኦፒስቶርኪስ ቪቨሪኒ ይባላል፤ የጉበት ትል ከሚባሉት አንዱ ነው። ሎሚው ሥጋውን ያነጣዋል እንጂ እጩን አይገድለውም። ሰው ሲበላው እጩ አንጀት ውስጥ ከሽፋኑ ይወጣል፤ ወደ ሐሞት ቱቦ ይገባና እዚያ ያድጋል። ሲያድግም 1 ሳንቲሜትር አይሞላም፤ ጠፍጣፋ ቅጠል ይመስላል። 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሰገራው ውኃ ውስጥ ከገባ ቀንድ አውጣ ይውጠዋል። ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ዓሣ ውስጥ ይገባል። ዓሣው ተመልሶ ገበታ ላይ ይቀርባል። ድመትና ውሻም ይሸከሙታል። ትሉ ቱቦውን ያቆስላል፤ ቁስሉ ይድናል፤ ደግሞ ይቆስላል። ከሰውነቱ የሚያወጣው ፕሮቲንም ሕዋሳት እንዲራቡ ያነሣሣል። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ነገሩ ወደ ካንሰር ይሄዳል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ይህን ትል በ1994 እ.ኤ.አ. ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ጋር መድቦታል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ትሉ ያለበትን ሰው ብዙም አያመውም። አንድ ቀን ዐይኑ ቢጫ ይሆናል፤ እኛ የወፍ በሽታ እንደምንለው። ያኔ ብዙውን ጊዜ የኦፕሬሽን ጊዜው አልፏል።

መድኃኒት የለውም እንዴ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አለው። ፕራዚኳንተል ነው። እኛ አገር ለቢልሃርዚያ የሚታደለው ያው ኪኒን ነው። በአንድ ቀን ተውጦ ትሉን ይገድለዋል። ታዲያ ሰዉ ኪኒኑን ይውጥና በሳምንቱ ዓሣውን ይበላል። ለምን? ነገሩን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ ነበር። ኮሶ የሚጠጣው ጥሬ ሥጋ ለመተው አልነበረም። ደግሞ ለመብላት ነበር። (እንዳትደነግጡ፤ የእኛ የኮሶ ትል ካንሰር አያመጣም።) በኢሳን ግን ደጋግሞ መያዝና ደጋግሞ መታከም ራሱ አደጋውን ሳይጨምር አይቀርም የሚያሰኙ ጥናቶች አሉ። ስለዚህ ኪኒን ማደል ብቻውን መልስ አልሆነም።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ስለ አንጀት ትል ለማጥናት ወደ አንድ የገጠር ከተማ ሄድኩ። ያዘጋጀሁት መጠይቅ "ጥሬ ሥጋ ይበላሉ?" ይላል። ሰዉ በተራ እየቀረበ "አልበላም" ይለኛል። እኔም "አይ" የሚለው ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ከሰዓት በኋላ ከመላሾቹ አንዱ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ምሳ ጋበዙኝ። ሥጋው ቀረበ። ቢላውን አንስተው ቆረጡና በአዋዜ ነክረው አጎረሱኝ።

"አባባ፣ ጠዋት አልበላም ብለውኝ አልነበር?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ነጭ ጋዋን ለብሰህ፣ ወረቀት ይዘህ ስትጠይቀኝ ምን ልበልህ? ልትቆጣኝ መስሎኝ ነው" አሉ።

የዚያን ቀን 60 መጠይቅ ሞልቼ ነበር። ሌሊቱን አንድ በአንድ አየኋቸው። "አይ" የሚለው ላይ ያደረግሁት ምልክት ሁሉ የእኔ ፊት የፈጠረው መልስ ነበር። ከማይክሮስኮፑ ሥር የማየው ሌላ፣ ወረቀቱ የሚለው ሌላ። አፈርኩ። ያን ዳታ እንዳለ ተንትኜ ፔፐር ማውጣት እችል ነበር። ማንም አያውቅብኝም። ግን የሰውየው እጅ ከነጉርሻው ፊቴ ላይ እየመጣ እንቅልፍ ነሣኝ። ወረቀቶቹን ወደ ጎን አስቀምጬ እንደገና ጀመርኩ።

የኢሳንን ሥራ የምወደው ለዚህ ነው። እዚያ ያሉ ተመራማሪዎች የሚበላውን ሰው አልናቁትም። ዶክተር ናሮንግ ኩንቲኬዎ የሚባለውን የኮን ኬን ዩኒቨርሲቲ የጉበት ቀዶ ሐኪም ልጥቀስ። እናቱንም አባቱንም ያጣው በዚሁ ካንሰር ነው። ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ቆሞ ዘግይቶ የመጣ ሰው መቁጠር አልበቃውም። ባልደረቦቹን ይዞ፣ አልትራሳውንድ ጭኖ ወደ መንደር ወጣ። ገበሬው ተሰልፎ፣ ሆዱን ገልጦ፣ ጉበቱ እዚያው ይታይለታል። ምልክት የተገኘበት ቶሎ ይላካል። ሽማግሌዎቹ ግን ዕድሜ ልካችንን የበላነውን እንዴት እንተው ይላሉ። እኔ በእነሱ አልፈርድም። አብረው የሚበሉት እኮ ዓሣ ብቻ አይደለም፤ ጉርብትናቸውንም ነው።

በዚያው ክፍለ ሀገር ላዋ በሚባል ሐይቅ ዙሪያ ደግሞ ሌላ ሥራ ተሠርቷል። ሲጀመር በአማካይ ከ100 ሰው 60 ያህሉ ትሉ ነበረበት። ተመራማሪዎቹ ሰውን ብቻ አላከሙም። ድመትና ውሻውን አከሙ፤ ቀንድ አውጣውንና ዓሣውን መረመሩ፤ ትምህርት ቤት ገብተው ልጆችን አስተማሩ፤ የመንደሩን በጎ ፈቃደኞች የሥራው ባለቤት አደረጉ። ዓመታት ፈጅቶባቸው ቁጥሩ ወደ ሲሶው ወረደ። እኔ ካነበብኩት ሁሉ ይህን ያህል ያስደሰተኝ ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ዕድሜ። ለሕፃናት ክትባት አለ፤ ለነፍሰ ጡር ክትትል አለ። ይህ መሆኑ ትክክል ነው። ግን የ48 ዓመት ገበሬ ማን ነው የሚፈልገው? ራሱም ጤና ጣቢያ አይመጣም። ሥራ አለበት። ሲመጣም ከቆየ በኋላ ነው። በኢሳን ያዩት እንዲህ ያለውን ሰው ነው፤ በ10 ዓመቱ ከአባቱ ጋር ኩሬ ዳር የበላውን ዓሣ በ50 ዓመቱ የሚከፍለውን። እንዲህ ያለ በሽታ በአንድ ክረምት ጥናት አይያዝም። መንደሩን ማወቅ፣ መመለስ፣ ደግሞ መመለስ ይጠይቃል። ሰገራ ማየት የሚጸየፍ፣ ስላይድ ሲያነብ ስልኩን የሚነካካ ሰው አይችለውም። እናንተ ግን ትችላላችሁ፤ ከእኔ ዘመን ይልቅ ኮምፒውተሩም ንባቡም በእጃችሁ ነው።

ቶሎ ፔፐር ማውጣት ኃጢአት አይደለም። ዕድገቱም፣ ስኮላርሺፑም በዚያ እንደሚመዘን አውቃለሁ። ለዚያ የሚሆን ትንሽ ሥራ ሥሩ። ከጎኑ ግን አንድ ረጅም ጥያቄ ያዙ። ከአንድ መንደር ጋር ተዋወቁ። "ጥሬ ይበላሉ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ "መጨረሻ የበሉት መቼ ነበር? ከማን ጋር?" በሉ። እኔ ያን ጊዜ ጥያቄውን እንዲህ ቀይሬው ነው ሰዉ እየሳቀ ማውራት የጀመረው። መጀመሪያ የነገሩኝ ስለ ሥጋው አልነበረም። ስለ ሠርግ፣ ስለ ቅርጫ፣ ስለ ሞተ ወንድም ነበር።

ተማሪዋን ሐሙስ አገኛታለሁ። ርዕስ አልሰጣትም። ያችን የገጠር ከተማ ታውቂያታለሽ ወይ ብዬ እጠይቃታለሁ። ካላወቀቻት ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ መጠይቁንም ጋዋኑንም ትተን አብረን እንሄዳለን።