ራፕ ለምትሠሩ የጎንደር ልጆች፣ ከአንድ አሮጌ ሳውንድማን

ሰላም ናችሁ ልጆች?

ሰሞኑን ስቱዲዮ የሚመጣው ወጣት ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ጋሼ፣ አሁን የሚያስኬደው የትኛው ስታይል ነው?» አንዱ ድሪል ይላል፣ አንዱ አፍሮቢት፣ አንዱ ሬጌ። እነሱ ወጥተው ሳይርቁ ደግሞ ወላጅ ይደውላል። «ይሄ ራፕ የሚሉት ነገር ልጄን አበላሸብኝ፣ እባክህ ምከርልኝ» ይላል። ለሁለታችሁም ያለኝ መልስ ተቀራራቢ ስለሆነ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከወላጆች ልጀምር። ዘፈን ልጅን ያነሳሳል ካላችሁ እስማማለሁ። ግን ይሄ ጣጣ ከውጭ የመጣ አይደለም። ቀረርቶ ባለበት አገር ራፕን መፍራት በጣም ይገርመኛል።

የገጠር ሠርግ ላይ አምሽታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ጠላው ገብቷል፣ ሰዉ እስክስታውን ሲያስነካው ቆይቷል፣ ላቡ ይንቆረቆራል። ከዚያ ማሲንቆው ዝግ ይላል፣ ጭብጨባው ይቆማል። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው ይነሱና ያቅራራሉ። ድንኳኑ ጸጥ ይላል። ቅድም ሲሳሳቅ የነበረው ጎረምሳ ፊቱ ልውጥ ይላል፣ ደም ሥሩ ይገተራል፣ ዘሎ መሀል ይገባና የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም እየጠራ መፎከር ይጀምራል። ያኔ ነው ትልልቆቹ «ያዙት፣ ያዙት» የሚሉት። የሚይዙት አብዶ አይደለም። ዘፈኑ ሥራውን ስለሠራ ነው።

አሁን አዝማሪውን እዩት። በደም የሚፈላለጉ ሁለት ቤተሰቦች እዚያ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። አንዱ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፣ ግጥሙ ውስጥ ደግሞ አንዲት መርዝ ቃል አለች። ጎበዝ አዝማሪ ስንኙን ሲቀበል ያቺን ቃል ይውጣታል። ወይም ወደ ቀልድ ያዞራታል። የሰጠውም ሰው ሳይከፋው ይስቃል፣ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ይሄን የሚያደርገው የሰዉን ፊት እያየ ነው፤ ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ፣ ማን እንደሰከረ፣ የማን ወንድም እንደሞተ ሁሉ ያውቃል።

እናንተ ግን ፊት አታዩም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ማራኪ ሰፈር ዶርም ውስጥ ቀድታችሁ ቲክቶክ ላይ የለቀቃችሁት ፉከራ ጠዋት የት እንደሚደርስ አታውቁም። አዘዞ ያለ ሰው በቀልድ ይሰማዋል፣ ትናንት ወንድሙን የቀበረ ሰው ደግሞ በሌላ ጆሮ ይሰማዋል። በተለይ በዚህ ጊዜ። ስለዚህ አትፎክሩ አላልኩም፣ ፉከራ ደስ ይላል፣ እኔም እወደዋለሁ። ከመልቀቃችሁ በፊት ግን ለሌላ ሰፈር ልጅ አሰሙት። ለእናቱም ጭምር። «ይሄ ስንኝ ማንን ነው?» ብላ ከጠየቀች ያንን ስንኝ ቀይሩት።

የዘፈንን ጉልበት ጠላትም ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ ጠንቋዩና እየዞረ የሚያዜመው ሰው እየታደነ እንዲገደል አዝዞ ነበር። የፈረስ ጭራ የተወጠረበት እንጨት የያዘ ሰው ጣሊያንን ምን ያደርገዋል ትሉ ይሆናል። ገበያ መሀል ቆሞ አንድ ባለ ሁለት ትርጉም ስንኝ ከጣለ ወሬው በየመንደሩ ይደርሳላ! ደርግም በበኩሉ ያውቀው ስለነበር በየቀበሌው ኪነት አቋቋመ። በሰዓት እላፊው የተነሳ የአዲስ አበባ የምሽት ባንዶች ሥራ ሲቀዘቅዝ ሕዝቡ ቤቱ ገብቶ ካሴቱን ይዞ ተቀመጠ።

አሁን ስለ ስታይል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ «የእኛ» እና «የውጭ» የሚባለው ክርክር ብዙም አይመስጠኝም። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን አምጥተው የነሐስ ባንድ ባያቋቁሙ ኖሮ ክቡር ዘበኛና ፖሊስ ኦርኬስትራ በዚያ መልክ ባልመጡ። ሳክስፎን የቤልጅግ ሰው ፈጠራ ነው። ጌታቸው መኩሪያ ግን ሽለላውን በዚያው በሳክስፎን ሲያወርደው ማን «የውጭ ነው» ይለዋል? ሙላቱ አስታጥቄም እንግሊዝና አሜሪካ ተምሮ የመጣውን ጃዝ ከባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶቻችን ጋር አጋብቶ ኢትዮ ጃዝን አወጣ። አስቴር አወቀ የተወለደችው እዚሁ ጎንደር ነው፣ የዘፈኖቿን አጃቢ ስትሰሙ ግን የጥቁር አሜሪካኖቹን ሶል ትሰማላችሁ።

ራፕ የወጣበት ሂፕ ሆፕም ቢሆን የሚጀምረው በፈረንጆች 1973 ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ከተደረገ የሰፈር ፓርቲ ነው። ኩል ሄርክ የሚባል የጃማይካ ተወላጅ ዲጄ ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻ የሚቀርበትን ቦታ በሁለት ሸክላ ማጫወቻ እያመላለሰ አስጨፈረበት። ከዚያ በላዩ ላይ ሰው ማውራት ጀመረ። ስሙን ይጠራል፣ ሰፈሩን ይጠራል፣ ተቀናቃኙን ጎሸም ያደርጋል። የእኛ ሰው ይሄን ሲሰማ ግር ሊለው አይገባም።

የምለምናችሁ ግን ቅኝታችሁን እወቁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ስማቸውን ማለቴ አይደለም፣ በጆሮ። አንድ ልጅ መጥቶ አንቺሆዬ ይዘፍናል፣ ጉሮሮው የሚገርም ነው፣ ከዚያ «ጋሼ አውቶቲዩን ጣልበት» ይለኛል። አውቶቲዩን፣ ማለትም ድምፅ የሚያስተካክለው ሶፍትዌር፣ ድምፅን የሚጎትተው ወደ ኪቦርዱ አሥራ ሁለት ቁልፎች ነው። የመጎተቻ ፍጥነቱን ዜሮ ላይ ካደረጋችሁት በድምፆቹ መሀል የምትንሸራተቱበትን፣ ድምፃችሁን የምታርገበግቡበትን ሁሉ ላጭቶ ይጥለዋል። የሚቀረው ልክ የሆነ ግን የማንም ያልሆነ ድምፅ ነው። የግድ ከፈለጋችሁት የቅኝታችሁን አምስት ኖታ ብቻ ክፈቱለት፤ ለምሳሌ ሙሉ ትዝታ ከሆነ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፍጥነቱንም ዘግየት አድርጉት። ልዩነቱን ራሳችሁ ትሰሙታላችሁ።

ጆሮ ለማሠልጠን ደግሞ ጎንደርን የሚያህል ቦታ የት አለ? አቋቋም፣ ያ በከበሮና በመቋሚያ የሚዘመረው የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ የሚመሰከርበት በአታ ቤተ ክርስቲያን እዚሁ ነው። ከበሮውና መቋሚያው እንዴት እየፈጠነ እንደሚሄድ ጥምቀት ላይ ቆማችሁ ስሙ። (የጸናጽል ድምፅ ቆርጣችሁ ቢት ውስጥ ከትታችሁ ክለብ አስገቡ አላልኩም፣ እናቶቻችሁ ይጣሉኛል።) እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው ከመነኮሱ በኋላ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለማጥናት የመጡት እኛ ከተማ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች አይተው አላስችል ስላላቸው ነው ፒያኗቸውን ለእርዳታ ያዋሉት፤ የመጀመሪያ ሸክላቸውም በፈረንጆች 1967 ጀርመን ታተመ። ዛሬ ያንን ፒያኖ ዓለም ሁሉ ይሰማዋል። የጎንደር ልጅ ሆኖ ያልሰማ ካለ ዛሬ ማታ ይስማ።

አንድ ነገር ቀረችኝ፣ እሷ ደግሞ ታናድደኛለች። ለስንት ዘመን «አዝማሪ» ስድብ ነበር። ሠርግ ያለ እሱ አይደምቅም፣ ልጅ ግን አይዳርለትም። አሁን ደግሞ የእሱን ማሲንቆ ከስልክ ቪዲዮ ላይ ቆርጣችሁ ቢት ትሠሩበታላችሁ፣ ዩቲዩብ ላይ ሚሊዮን ሰው ያየዋል፣ የሰውየው ስም እንኳ ከስር የለም። «የሕዝብ ዜማ ነው» ትሉኛላችሁ። ዜማው የሕዝብ ሊሆን ይችላል፣ የተጫወተው እጅ ግን የሰው ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝም መብት አለው። ስሙን ጻፉ። ከማውጣታችሁ በፊት ተነጋገሩና ክፈሉት፤ ብር ከሌላችሁ ከሚገባው ላይ ድርሻ በወረቀት ተፈራረሙ። ማን እንደሆነ አላወቅነውም እንዳትሉኝ ብቻ። በጎንደር ዙሪያ አዝማሪ አዝማሪን ያውቃል፣ ድምፁን አሰምታችሁ ብትጠይቁ በሁለት ስልክ ይገኛል።