ሰብውፈር ከመግዛትህ በፊት ሳሎንህን ለካው

ሰላም ወንድሜ፣ አብሽር። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያለኸው ኮምቦልቻ ነው። ሳሎንህ 4 በ5 ሜትር፣ ግድግዳው ብሎኬት። አምስት ስፒከርና አንድ ኤቪ ሪሲቨር (ድምፁን አጉልቶ ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለው) አለህ፤ የዲሹን ሪሲቨር እንዳልሆነ ገብቶኛል። ፊልም ስታይ ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ስለሚጎድልህ ሰብውፈር (ባጭሩ ሰብ፣ ቤዙን ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ልትገዛ ነው። "ባለ 12 ኢንች ይሻላል ባለ 10? የትስ ላስቀምጠው?" ነው ያልከው። ባለሱቁ ደግሞ 1200 ዋት የተጻፈበትን አሳይቶሃል።

እኔ ደሴ ነኝ። አንዱን ሰብውፈር በሁለት ቤት ሞክሬዋለሁ። መጀመሪያ ወላጆቼ ጋ፣ የጨርቅ ኮርኒስ ባለው የጭቃ ቤት። ከዚያ አሁን በምኖርበት የብሎኬት ቤት። ዕቃው ያው ነው፣ ድምፁ ግን ፈጽሞ ሌላ ሆነብኝ። ወላጆቼ ቤት ቤዙ ቶሎ መጥቶ ቶሎ ይሄድ ነበር። እዚህ "ዉምምም" እያለ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ኢንቹንም ዋቱንም አልነካሁም፤ የተቀየረው ቤቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሳሎንህ ልጀምርልህ።

ቤዝ ረጅም ሞገድ ነው። 40 ኸርዝ (በሴኮንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ) ላይ አንዱ ሞገድ 8 ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። ካንተ ሳሎን ይበልጣል ማለት ነው። ግድግዳ መትቶ ይመለስና ከሚመጣው ጋር ይገናኛል። አንዳንድ ቦታ ላይ ተደምሮ ያብጣል፣ ሌላ ቦታ ላይ ተጣፍቶ ድራሹ ይጠፋል። የትኛው ድምፅ እንደሚያስቸግርህ ለማወቅ 343ን ለግድግዳው ርዝመት እጥፍ አካፍለው። 343 ድምፅ በሴኮንድ የሚጓዘው ሜትር ነው። ለ5 ሜትሩ 34 ኸርዝ፣ ለ4 ሜትሩ 43 ኸርዝ ግድም ይመጣል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 41 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ዘፈን ስትከፍት ያ አንድ ኖታ ከሌሎቹ ተለይቶ ቢያብጥብህ ሰቡን አትውቀሰው፤ ክፍሉ ነው። ጨርቅ ኮርኒስና ስስ በር ቤዙን ያሳልፉታል፣ ብሎኬትና ኮንክሪት ግን መልሰው ይወረውሩታል።

አሁን ቦታው። ብዙ ሰው ሰቡን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ባገኘው ባዶ ቦታ ያስቀምጠዋል፣ ወይ ጥግ ውስጥ ይከተዋል። ጥግ ላይ ድምፁ ይጨምራል፣ እውነት ነው። ግን እብጠቱም አብሮ ይጨምራል። እኔን ያዳነኝ ዘዴ ይኼ ነው። ሶፋው ላይ አንተ በምትቀመጥበት ቦታ ሰቡን አስቀምጠው። አዎ፣ ሶፋው ላይ። የቤዝ ጊታሩ በደንብ የሚሰማ ዘፈን ደጋግመህ ክፈት። ከዚያ በጉልበትህ ተንበርክከህ፣ ጆሮህን ሰቡ ወለል ላይ ሲሆን በሚኖረው ከፍታ አድርገህ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ቀስ እያልክ ዙር። በየግማሽ ሜትሩ ቁም። አንዱ ቦታ ላይ ቤዙ ጭራሽ ይጠፋል። ሌላው ላይ ደረትህን ይመታሃል። አንተ የምትፈልገው ሁሉም ኖታ እኩል የሚሰማበትን ነው። እዚያ ቦታ ላይ በወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርግና ሰቡን አምጥተህ አስቀምጠው።

እኔ ቤት ያ ቦታ ከረከቦቱ ጀርባ ሆኖ ተገኘ፣ ከጥጉ አንድ ሜትር ከምናምን ፈቅ ብሎ። ረከቦቱን ወደ መስኮቱ አዛወርነው። እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ቡና ስታፈላ ድቤ የሚመታበት መንዙማ ከፈትኩላት። ማራገቢያዋን አስቀምጣ ወደ በሩ ዞር አለች። ድቤው ደጅ የተመታ መስሏት ነው። እያንዳንዱ ምት ተነስቶ እዚያው ይቆማል፣ ቀጣዩን አይሸፍነውም። ከዚያ ወዲህ የሰው ሰብ ሳስተካክል የምፈትነው በዚያው መንዙማ ነው።

ሶፋህ ከኋላ ግድግዳው ጋር ተጣብቆ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ሜትር ያህል አምጣው። ግድግዳው ስር ቤዙ ሁልጊዜ ያብጣል። ልክ መሃል ላይ ደግሞ ይጠፋል፣ እዚያም አትቀመጥ።

ወደ ግዢው ስንመጣ፣ ለ4 በ5 ሳሎን ደህና ተደርጎ የተሠራ ባለ 10 ኢንች ይበቃሃል። ደካማ ባለ 12 ከጥሩ ባለ 10 አይበልጥም። "1200 ዋት" የሚለውን እርሳው። ፒኤምፒኦ የሚባለው ቁጥር ነው፣ ለማስታወቂያ የሚጻፍ። አርኤምኤሱን፣ ያለማቋረጥ የሚያወጣውን ዋት፣ ጠይቅ። ካልተጻፈ ዕቃውን አዙረህ ከኤሌክትሪክ ገመዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብብ። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ፊቱ ላይ 1000 ዋት ይላል፣ ጀርባው ላይ ግን የሚወስደው ኃይል 90 ዋት ነው። 90 ዋት እየወሰደ 1000 ዋት ያለማቋረጥ ሊያወጣ አይችልም። ያንን ጀርባ ያነበብኩት ብሬን ከከፈልኩ በኋላ ስለነበር በጣም ነው ያበሳጨኝ። ደግሞ ዋት እጥፍ ቢሆን እንኳ ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ ትንሽ ነው።

ሳጥኑ ቀዳዳ ያለው ወይስ ድፍን የሚለውም አለ። ቀዳዳ ያለው በዚያው ዋት የፍንዳታውን ድምፅ ጠለቅ አድርጎ ይሰጥሃል፣ ግን ትልቅ ነው። ድፍኑ ያነሰና የተሰበሰበ ድምፅ አለው። አንተ የበለጠ ፊልም ስለምታይ ቀዳዳ ያለውን ውሰድ፤ የክፍሉ ስፋት ይችለዋል። የመኪና ሰብ አምጥቶ ሳሎን ማስገባቱን አልመክርህም። የሚሠራው በ12 ቮልት ነው፣ የታሰበውም ለጠባቧ መኪና ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ ከውጭ የመጣ ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ቮልቱን ሳታይ አትሰካ። የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። አንዳንዱ ጀርባው ላይ መቀየሪያ አለው፤ ነቅለህ ቀይረው። አንድ ጓደኛዬ ሳያይ ሰክቶ በአንድ ሴኮንድ አጥቶታል። መብራቱ መለስ ቀለስ የሚልብህ ከሆነ ስታቢላይዘርም ያስፈልግሃል።

ከሪሲቨሩ ጋር ስታገናኘው ሰብውፈር በሚለው ቀዳዳ በአንድ አርሲኤ ገመድ ብቻ ነው። ክሮስኦቨር ማለት ወፍራሙና ቀጭኑ ድምፅ የሚለያዩበት መቁረጫ ነው። ሰቡ ላይ ያለውን የክሮስኦቨር ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ክፈተው፣ ወይም ኤልኤፍኢ (ሰቡ ራሱ የማይቆርጥበት) ላይ አድርገው። መቁረጡን ሪሲቨሩ ይሥራ፤ ሁለቱም ከቆረጡ መሃል ላይ ድምፅ ይጎድላል። ሪሲቨሩ ውስጥ ስፒከሮችህን ሁሉ "ስሞል" በል (ቤዛቸው ወደ ሰቡ እንዲሄድ)፣ ክሮስኦቨሩን 80 ኸርዝ። ይኼ የተለመደው መነሻ ነው፤ ከዚያ በታች ጆሯችን ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ብዙም አይለይም። ግን ስፒከሮችህ መዳፍ የማይሞሉ ከሆኑ እስከ 80 አይወርዱልህም። 120 ድረስ ማውጣት ይኖርብሃል። ያኔ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ መለየት ስለሚጀምር ሰቡን ከፊት ለፊት አታርቀው።

ሰቡ ላይ ፌዝ የሚል ማብሪያ አለ፣ 0 እና 180፤ የሰቡን ሞገድ ከስፒከሮቹ ጋር ለማስማማት ነው። አንድ ሰው እየቀያየረልህ ከሶፋህ ሆነህ ስማ፤ ቤዙ የሚሞላበትን ያዝ። ልኩ እሱ ነው።

የድምፁን መጠን በተመለከተ የሚለካ የስልክ አፕ አለ፣ ለሌሎቹ ስፒከሮች ይሆናል። የስልክ ማይክ ግን ወፍራሙን ድምፅ በደንብ አይሰማም፣ ስለዚህ ለሰቡ አትመነው። ሪሲቨሩ የራሱ ማይክ ካለው ጆሮህ በሚሆንበት ከፍታ አስቀምጠህ አስለካው። የሰቡን ርቀት ከእውነተኛው አስበልጦ ቢጽፍ አትንካው። ሰቡ ውስጥ ያለውን መዘግየት አስቦ ነው። ካለቀ በኋላ ሰቡ መኖሩ ትዝ የሚልህ ከሆነ በዝቷል፣ ቀንስ። ሲያጠፉት ብቻ የሚናፍቅህ ከሆነ ልክ ነው።

"ኽምምም" የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ቢመጣ የመብራቱ 50 ኸርዝ ነው። ሪሲቨሩን፣ ቴሌቪዥኑንና ሰቡን ባንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካቸው። የዲሹንም ገመድ ነቅለህ ሞክር፣ ብዙ ጊዜ ከሱ ነው። የኧርዙን እግር ግን እንዳትቆርጥ፣ ሰው ይገድላል። ቡፌው ውስጥ ስኒዎች ከተንቀጫቀጩ ከስራቸው ጨርቅ አንጥፍ። የመስኮቱም መስታወት ላልቶ ሊሆን ይችላል፣ ማስቲሹን አስነካው።

ሁለት ሰብ ቢሆን እብጠቱ ይበልጥ ይረጋጋል፣ ትይዩ ግድግዳዎች መሃል መሃል ላይ። ግን አሁን ባንዱ ጀምር። የሳሎንህን በር፣ መስኮትና ሶፋ በወረቀት ላይ ስለህ ላክልኝ፤ መንበርከክ የምትጀምርበትን ግድግዳ አመላክትሃለሁ።