በዕፅዋት ባዮሎጂ ጉባኤ ለምትሳተፉ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች

በአሜሪካና በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች በዕፅዋት ሳይንስ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የምትማሩ፣ እንዲሁም ከሦስተኛ ዲግሪ በኋላ በፖስትዶክነት የምትሠሩ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ የአሜሪካ የዕፅዋት ባዮሎጂስቶች ማኅበር በሚያዘጋጀው ዓመታዊ ጉባኤም ሆነ በየዓመቱ በጥር ወር ሳን ዲዬጎ ላይ በሚካሄደው የዕፅዋትና የእንስሳት ጂኖም ኮንፈረንስ ስትገኙ፣ ከሁሉ በፊት ጉልበታችሁን ለፖስተሩ ሰዓት፣ ማለትም ተመራማሪው ሥራውን በትልቅ ወረቀት ለጥፎ ፊቱ ቆሞ ለሚያስረዳበት ጊዜ፣ እንድትቆጥቡ እመክራችኋለሁ። ከመድረክ የሚነገረው በአብዛኛው የተሳካውና ለኅትመት የተዘጋጀው ውጤት ነው። የትኛው ዘዴ እንዳልሠራ፣ ዘሩ ለምን አልበቅል እንዳለ፣ ናሙናው የት ላይ እንደተበላሸ የሚነገረው ግን ፖስተር ፊት ቆሞ በሚደረግ ጨዋታ ነው፤ ለጀማሪ ተመራማሪ ወራትን የሚያተርፍለትም ይኸው ነው።

እኛ ታላቅ ሲናገር ዝም ብሎ ማዳመጥን ተምረን አድገናል፤ ይህ የሚያኮራ አስተዳደግ ነው። እንዲህ ባለው ስብሰባ ግን ዝም ያለ ተማሪ ጉዳዩ ያላሳሰበው ይመስላል፤ ስሙ የገነነ ፕሮፌሰርም ቢሆን ጥሩ ጥያቄ ይዞ የቀረበውን ተማሪ በደስታ ያስተናግዳል። ስለዚህ አብስትራክቶቹን (የሚቀርቡትን ሥራዎች አጭር ማጠቃለያ) አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ልታነጋግሯቸው የምትፈልጓቸውን ጥቂት ሰዎችና ለእያንዳንዳቸው የምታቀርቡትን ጥያቄ ጽፋችሁ ያዙ።

በራሳችሁ ፖስተር ፊት ስትቆሙ ደግሞ፣ ለምሳሌ ሥራችሁ ጤፍ ላይ ከሆነ፣ ከጂኑ ስም አትጀምሩ፤ የሚያዳምጣችሁ ሰው አራቢዶፕሲስ የተባለችውን የቤተ ሙከራ ተክል፣ በቆሎንና ሩዝን እንጂ ጤፍን አያውቀውም ብላችሁ ተነሡ። ጤፍ ሁለት የተለያዩ ጂኖሞች (ሙሉ የዘር መረጃዎች) የተጣመሩበት ባለ 40 ክሮሞሶም ሰብል መሆኑን፣ የ1,000 ፍሬ ክብደቱ ግማሽ ግራም እንኳ እንደማይሞላ፣ አገዳው ቀጭን ስለሆነ ፍሬው ሲከብደው እንደሚጋሽብ በጥቂት ዓረፍተ ነገር አስረዱት። ከዚያ ስለ ማዳቀሉ ንገሩት። የጤፍ አበባ ማለዳ ላይ ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለሚከፈት፣ አዳቃዩ ቀድሞ በማይክሮስኮፕ እያየ የወንዴውን ክፍል በቀጭን መርፌ ነቅሎ ማውጣት፣ ሰዓቱ ሲደርስም የሌላውን ዝርያ ብናኝ ማስቀመጥ አለበት። የጤፍ ተመራማሪው ዶክተር ታረቀ በርሄ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአበባውን ሰዓት ደርሰውበት ማዳቀል የሚቻልበትን መንገድ ባይከፍቱ ኖሮ፣ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ ባልተገኘ ነበር። ይህን የሰማ የሩዝ ተመራማሪ፣ እነርሱ ዘንድ አበባውን በ43 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሞቀ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ በመንከር ብናኙን እንደሚያመክኑት ያጫውታችኋል፤ በመርፌ መልቀሙን ለምን በዚህ አንተካውም የሚለውን ጥያቄ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ስለ ሌሎች ሥራ ስትጠይቁም የአገራችሁን ሰብል ታሪክ ማወቅ ይጠቅማችኋል። በአውሮፓ ማሳዎች ገብስን ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት ከሚመስለው የፈንገስ በሽታ ለረጅም ዘመን ከጠበቁት የመቋቋም ባሕርያት መካከል ኤምኤልኦ-11 የሚባለው፣ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኢትዮጵያ በተሰበሰበ የገበሬ ገብስ ውስጥ የተገኘ ነው። በማሽላም ከሆነ፣ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጄታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ላይ የሠሩት ሥራ፣ ይህ ጥገኛ አረም የሚበቅለው ከሰብሉ ሥር የሚወጣ ኬሚካል ሲቀሰቅሰው ስለሆነ፣ ከሥር የሚወጡ ኬሚካሎችን ከሚያጠና ከማንኛውም ሰው ጋር የምትነጋገሩበትን በር ይከፍትላችኋል። ይህን የምላችሁ እንድትመጻደቁበት አይደለም፤ ሁለት ተመራማሪዎች ስለ አንድ ዘር አመጣጥ ሲነጋገሩ የጋራ ሥራ ስለሚወለድ ነው።

እዚህ ላይ ግን አጥብቄ የማስጠነቅቃችሁ ነገር አለ። ዘዴያችሁን፣ ስህተታችሁን፣ ጥያቄያችሁን በነጻነት አካፍሉ፤ ዘር ግን በእጃችሁ ቢኖርም ለወዳጅነት ብላችሁ አትስጡ። የኢትዮጵያን የጄኔቲክ ሀብት ማግኘት የሚቻለው በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ሲሆን፣ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። የጤፍ ዱቄት ላይ በኔዘርላንድስ የተሰጠው ፓተንት በ2018 (እ.ኤ.አ.) በሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ እስኪሆን ድረስ ስንቱን ወገናችንን እንዳንገበገበ ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ዘር የሚጠይቃችሁን ሰው በትሕትና ወደ ኢንስቲትዩቱ ምሩት፤ ሕጉን የሚያከብር ተመራማሪ በዚህ አይቀየምም።

ስለ ጉዞው ጥቂት ልበል። ብዙ ማኅበራት ለተማሪዎች የጉዞ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ማመልከቻው የሚዘጋው ከጉባኤው ቀደም ብሎ ስለሆነ ቀኑን አስቀድማችሁ እወቁ። በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ አሜሪካ የምትማሩና ከአገሩ ወጥታችሁ የምትሳተፉ ደግሞ፣ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው ቪዛ ለመመለሻ የሚያገለግል መሆኑንና አይ-20 በተባለው የዩኒቨርሲቲው የተማሪነት ሰነድ ላይ የጉዞ ፊርማ መኖሩን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲያችሁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቁ።

ከጉባኤው መልስ ላነጋገራችሁት ሰው በዚያው ሳምንት፣ የተነጋገራችሁበትን ነጥብ ጠቅሳችሁ አጭር ኢሜይል ጻፉ። አገር ቤት ያሉትን ባልደረቦቻችንንም አትርሱ። በሆለታ፣ በመልካሳ፣ በደብረ ዘይትና በሐሮማያ ያሉ ተመራማሪዎች ሰብሉን ከእኛ በተሻለ ያውቁታል፤ የመመዝገቢያ ክፍያውና የአውሮፕላኑ ዋጋ ግን ያስቀራቸዋል። ከመሄዳችሁ በፊት በቴሌግራም ጻፉላቸውና እዚያ ቢገኙ ማንን ምን እንደሚጠይቁ ጠይቋቸው፤ ጥያቄያቸውን በስማቸው አቅርቡላቸው። የፖስተር ፎቶ የምትልኩላቸው ግን አቅራቢውን አስፈቅዳችሁ ነው፤ ያልታተመ ውጤት ስላለበት ፎቶ አይነሣ የሚል ምልክት የሚለጥፉ አሉና። አቅራቢው ከፈቀደ የኢሜይል አድራሻውንም ጨምሩላቸው፤ ቀሪውን በቀጥታ ከእርሱ ጋር ይነጋገሩበታል።